ጤናማ ገበታ በወረርሽኙ ወቅት



የኮሮና ቫይረስ በአገራችን መገኘቱ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተገለጸ ወዲህ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ፌጦ በሽታውን ይከላከላሉ ሲባል ተሰምቷል። ለምግብነት መልካም ናቸው፤ ቫይረሱን ስለ መከላከላቸው ግን ማረጋገጫ የለም። ስለዚህ የቤተሰብ ገንዘብ አስቀድሞ ለሳሙናና ለዕለት ምግብ ይዋል።

የጎጃም ደጋ የሚያበቅለው ምግብ ሰውነትን ይጠግናል፦ የጤፍ እንጀራ በሽሮ ወይም በምስር ወጥ፣ የጓሮ ጎመን፣ ቅቅል ድንች፣ የገብስ በሶ። አዮዲን ያለው ጨው ተከድኖ ይቀመጥ፤ ወጡ ከእሳት ሊወርድ ሲልም በመጠኑ ይጨመር።

ከምግብ በፊት እጅ በውኃና በሳሙና ቢያንስ ለ20 ሴኮንድ ይታጠብ። ሳል ወይም ትኩሳት ያለበት ሰው ለብቻው ይመገብ። ጉርሻ የፍቅር ምልክት ነው፤ በወረርሽኝ ወቅት ግን ለአያት በተለየ ሳህን ማቅረብም ያው ፍቅር ነው።