በቴሌስኮፕ ወፍ ፎቶግራፍ ማንሳት፦ ካሜራና አዳፕተር ስለ መምረጥ



ከቦሌ እስከ ኮተቤ በሰማያችን ላይ የሚያንዣብበውን አሞራ ሁሉ «ጥንብ አንሳ» ብለን እናልፈዋለን። በዚህ አንድ ስም ሥር ግን የተለያዩ ዝርያዎች አሉ። ከእነዚህም የሩፔል ጥንብ አንሳና ጀርባ ነጩ ጥንብ አንሳ እ.ኤ.አ. በ2015 በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ቀይ መዝገብ ላይ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ጋር ተመድበዋል። ለአካለ መጠን ሲደርሱ የፊተኛው መንቁር ወደ ቢጫ ያደላል፤ የኋለኛው ጥቁር ነው። ይህን ከሩቅ አይተን በማስታወሻ ብንይዘው ቃላችን ብቻ ነው፤ ፎቶግራፍ ሲያያዝበት ግን ሌላው መርምሮ የሚቀበለው ወይም የሚያርመው ማስረጃ ይሆናል።

ለወፍ የሚሠሩት ትልልቅ ሌንሶች ከመምህርም ከተማሪም አቅም በላይ ናቸው። ማሌዥያዊው ሎረንስ ፖህ ግን እ.ኤ.አ. በ1999 ትንሽ የኒኮን ኩልፒክስ ካሜራ ከቴሌስኮፕ የዓይን ሌንስ ጋር አገናኝቶ ሌላ መንገድ አሳየ። ዘዴው ዛሬ ዲጂስኮፒንግ ይባላል።

በካሜራ ምርጫ የተለመደው ስሕተት ረጅም ዙም መፈለግ ነው። ማጉላት የቴሌስኮፑ ሥራ ነው። የፊት ሌንሱ ትንሽ፣ ዙሙ ከ3 ወይም ከ4 እጥፍ ያልበለጠ፣ ሲያጎላም ሌንሱ ወደ ውጭ ብዙ የማይወጣ ካሜራ ይሻላል። ሌንሱ ትልቅ ከሆነ ከቴሌስኮፑ ከምትወጣው ጠባብ የብርሃን ክብ ጋር አይገጥምም፤ የምስሉ ዳር ዳር ይጠቁራል።

ይህችን ክብ እናስላት። የፊት መስታወቱ 80 ሚሊ ሜትር የሆነ ቴሌስኮፕ በ20 እጥፍ ሲያጎላ የክቧ ስፋት 4 ሚሊ ሜትር ነው፤ በ60 እጥፍ 1.3 ገደማ ብቻ ይሆናል። የምስሉ ብርሃን ወደ አንድ ዘጠነኛ ይወርዳል ማለት ነው። ስለዚህ ዝቅተኛውን ማጉያ ምረጡ።

አዳፕተር በጥቅሉ ሁለት ዓይነት ነው። ቀለበታማው ጽኑ ነው፤ ነገር ግን ለተሠራለት ልክ ብቻ ያገለግላል። በብሎን የሚስተካከለው ለብዙ ካሜራ ይሆናል፤ ነገር ግን በየጊዜው መሐሉን ማስጠበቅ ይፈልጋል። እኔ ራሴ ከውጭ በዘመድ ያስመጣሁት ቀለበት ከዓይን ሌንሴ በ2 ሚሊ ሜትር ጠቦ ቀረ። መልሶ የሚወስድልኝ ስላልነበረ አንድ ሙሉ የበጋ ወቅት ካሜራውን በእጄ ደግፌ አነሣሁ፤ ከዚያ ወቅት መንቁር የሚለይበት ምስል የለኝም። እናንተ ከማዘዛችሁ በፊት የዓይን ሌንሱን የውጭ ስፋት በካሊፐር ለኩ፤ እዚሁ ከተማ ከገዛችሁ ደግሞ ቴሌስኮፑን ይዛችሁ ሂዱ።

መስክ ስትወጡ ጠንካራ ባለ ሦስት እግር መቆሚያ ያዙ፤ የካሜራውን የ2 ሰኮንድ መዘግየት ተጠቀሙ፤ ምድር ሞቆ አየሩ ሳይርገበገብ በማለዳ አንሡ። በአየር ማረፊያው አካባቢ ደግሞ ያለ ፈቃድ ቴሌስኮፕ አትትከሉ።

ውድ መሣሪያ ባይኖረን የሚያሳፍር አይደለም፤ ያየነውን ማስረዳት ካቃተን ግን ቆጠራችን ለወፎቹ አይጠቅማቸውም።