በማን ፊት ያድጋሉ?

የሶፊ ወላጆች፣ መምህራንና ተማሪዎች፤ የተሰጠኝ ርዕስ ዲጂታል ቴክኖሎጂ በታዳጊዎች ማንነትና እድገት ላይ ስላለው ተጽእኖ ነው። እኔ ብዙ ዘመኔን የሰጠሁት ለሐረር የቆዩ ፎቶግራፎች ነውና ከዚያ ልነሳ።

እ.ኤ.አ. በ1883 ፈረንሳዊው አርተር ራምቦ ሐረር ተቀምጦ ይነግድ ነበር። ዕድሜው 28 ነው። ካሜራ አስመጥቶ ራሱን በራሱ አነሳ፦ አንዱን በቤቱ ሰገነት፣ አንዱን በቡና ማሳ፣ አንዱን ደግሞ እጁን አጣምሮ በሙዝ ተክል መካከል። ልጆች፣ ሰልፊ በእናንተ ዘመን የመጣ እንዳይመስላችሁ። ፎቶዎቹ ነጣ ያሉ ናቸው፤ ለማጠቢያ የተጠቀመበት ውኃ ጥሩ እንዳልነበረ ለቤተሰቡ ጽፏል። ሜይ 6 ቀን የተጻፈችውን ይህችን ደብዳቤ ሰሞኑን ደግሜ ሳነባት ሁለት ነገር ገረመኝ። አንደኛ፣ ፎቶዎቹን የላከው መልኩን እንዲያስታውሱት ብቻ መሆኑን ይናገራል። ሁለተኛ፣ እዚያው ደብዳቤ ላይ ትዳር አለመያዙ እንደሚቆጨው ገልጾ፣ አሳድጎ በተሟላ ትምህርት የሚያንጸው አንድ ወንድ ልጅ ይመኛል። መልኩን የሚያሳየው ለሚያውቁትና ለሚናፍቁት ነበር፤ የሚያየው ማን እንደሆነም ያውቅ ነበር። እዚህ ላይ የቆየሁት የዛሬው ጉዳያችን ሥር ይኸው የሚያየንን ማወቅ ስለሆነ ነው።

በሐረር የጁገል ግንብ ውስጥ ያደገ ሰውም እንዲሁ የሚያዩትን ያውቃል፤ ማሪኝነት የሚባለው ጓደኝነት አለው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ሐረርን ያጠናው አሜሪካዊ አንትሮፖሎጂስት ሲድኒ ዋልድሮን የከተማዋን ማኅበራዊ ኑሮ ሲያስረዳ ዝምድናን፣ አፎቻ የተባለውን የመረዳጃ ማኅበርና ይህን ጓደኝነት አብሮ ያነሳል። ታዳጊው ከጥቂት እኩዮቹ ጋር ይገጥማል፤ ጓደኝነቱም ዕድሜ ልክ ይዘልቃል። እነዚያ ጓደኞች ስህተቱን ያያሉ፣ ይገስጹታል፣ መልሰውም ያቅፉታል። ዛሬ ያጠፋ ልጅ ነገ ሌላ ሰው መሆን ይችላል። በሐረር ዙሪያ ያለው የሶፊ ገጠር ልጅም ቢሆን በከብት ጥበቃና በማሳ ሥራ የሚያየው የታወቀ ሰው ነው፤ አብሮ አደግ፣ አጎት፣ ጎረቤት።

አሁን ወደ ስልኩ ልምጣ። የሥነ ልቦና ሊቁ ዴቪድ ኤልካይንድ በ1967 (እ.ኤ.አ.) እንደጻፈው፣ ጎረምሳ ሰው ሁሉ እሱን የሚመለከተው ይመስለዋል፤ በሐሳቡ የፈጠረው ተመልካች አለው። ድሮ ይህ ስሜት ከዕድሜ ጋር ይበርድ ነበር። ፌስቡክ የ«ላይክ» ቁልፍን በ2009 (እ.ኤ.አ.) ሲጀምር ግን ያ የምናብ ተመልካች ቁጥር ተሰጠው። ልጅቷ ፎቶዋን ትለጥፋለች፤ ላይኩ ካነሰ ታጠፋዋለች። ፎቶው የጠፋው ስላልወደደችው አይደለም፤ የማታውቃቸው ሰዎች ዝም ስላሉ ነው። ወንዱም ቢሆን በቲክቶክ የሚወደድለትን ጠባይ ይዞ ይቀራል፤ የተቀዳ ስህተቱ ደግሞ ለዓመታት ይከተለዋል።

ወላጆች፣ ስልክ ክፉ ነው አላልኩም። ቴሌግራም የፈተና ጥያቄ ያመጣል፤ ሩቅ አገር ያለችን እህት ድምፅ ያሰማል። ብዙ ልጆች በአንድ ስልክ በሚጠቀሙበት ቤት ደግሞ አብሮ ማየት አለ፤ አብሮ ማየት ወሬ ያመጣል፣ ወሬውም ልጁን ብቻውን አይተወውም።

ጊዜዬ እያለቀ ስለሆነ የቀረውን በአጭሩ ልበል። ፌስቡክና ቲክቶክ ራሳቸው የሚጠይቁት ትንሹ ዕድሜ 13 ነው፤ ከዚያ በታች ላለ ልጅ አካውንት አትክፈቱ። አውስትራሊያ ከ16 ዓመት በታች ላሉት በሕግ ከልክላለች። እኛ ግን ሕግ እስኪመጣ ድረስ የምናደርገው አለ። መምህራን፣ ተማሪው የሚደመጥበትን ክበብና የስፖርት ቡድን አጠናክሩ። ወላጆች፣ ልጃችሁ ቪዲዮ ሲለጥፍ ስንት ሰው እንዳየው አትጠይቁት፤ እነማን እንዳዩትና ከእነሱ መካከል ቢታመም የሚጠይቀው ማን እንደሆነ ጠይቁት። ልጆች፣ እናንተም ይህንኑ ራሳችሁን ጠይቁ፤ ማንነታችሁን የምታሳዩትም አስቀድማችሁ ለእነዚያ ሰዎች ይሁን።