ቀለሙ ያልተለወጠ ውሃ
(በሬዲዮ ዝግጅታችን ላይ የቀረበ ንግግር)

ምስጋና ሁሉ ለአላህ (ሱ.ወ.) ይሁን። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሶሓቦቻቸው ላይ ይስፈን። 

ፊቅህ የጀመረ ደረሳ አስቀድሞ የሚማረው የውሃን ነገር ነው። ኡስታዙ ሦስት መለያዎችን ያስይዘዋል፤ ቀለም፣ ጣዕምና ሽታ። ነጃሳ ገብቶበት ከነዚህ አንዱ የተለወጠ ውሃ ለጦሃራ አይሆንም። ዛሬ የምናነሳው ግን ቀለሙም ሽታውም ሳይለወጥ ሰውን ሊጎዳ ስለሚችል ውሃ ነው። ነገሩ የደረሰው ከኛ በራቀ አገር፣ በደቡብ አሜሪካ በፔሩ ሰሜናዊ ደን ውስጥ ነው።

በዚያ ደን ኮሪየንቴስና ፓስታሳ የሚባሉ ወንዞች አሉ፤ ውሃቸው መጨረሻው ታላቁ አማዞን ነው። በዳርቻቸው አቹዋርን የመሰሉ ነባር ሕዝቦች ይኖራሉ። የሚጠጡትም፣ የሚታጠቡበትም፣ ዓሣ የሚያጠምዱበትም ወንዙ ነው። ዝናብ የማያቋርጥበት አገር በመሆኑ አፈሩ ከጥንት ጀምሮ ታጥቦ ጨው እምብዛም የለውም። ስለዚህ በደኑ ውስጥ የሚፈሱት ብዙዎቹ ጅረቶች ከዝናብ ውሃ ብዙም አይለዩም፤ ዓሣዎቹም የለመዱት ይህንኑ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ በአካባቢው ነዳጅ ማውጣት ተጀመረ። ብዙዎቻችን ጉድጓዱ ሲቆፈር ነዳጅ ብቻ የሚፈልቅ ይመስለናል። አይደለም። ከነዳጁ ጋር ከምድር ጥልቅ ለረጅም ዘመን የተቀመጠ ውሃ አብሮ ይወጣል። ጉድጓዱ ባረጀ ቁጥር ነዳጁ እያነሰ ውሃው እየበዛ ይሄዳል፤ ከ10 በርሜል 9ኙ ወይም ከዚያ በላይ ውሃ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ይህ ውሃ ትኩስ ነው፤ ጨውነቱ ከባሕር ውሃ ሊበልጥ ይችላል፤ እርሳስ፣ ካድሚየምና ባሪየም የተባሉ ማዕድኖችን፣ እንዲሁም የነዳጅ ቅሪት ይይዛል። በፔሩ ይህ ሁሉ ለአሥርት ዓመታት በቅርብ ወዳለው ጅረት ሲለቀቅ ኖረ፤ መጠኑም በቀን 1 ሚሊዮን በርሜል ገደማ የደረሰበት ጊዜ ነበር።

ወንዙ ላይ ምን ይደርሳል? ጨው አይበሰብስም፤ በሌላ ውሃ እየሳሳ ይሄዳል እንጂ አይጠፋም። እርሳስና ካድሚየም ከጭቃው ጋር ተጣብቀው ከወንዙ ሥር ይተኛሉ፤ ጎርፍ ሲመጣ ጭቃው ተነሥቶ ወደ ታች ይጓዛል። የፈሰሰውን ነዳጅ የሚያፈርሱት ጥቃቅን ነፍሳት ደግሞ በውሃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሱታል፤ ዓሣውም ይታፈናል። የደኑ እንስሳት ሳይቀሩ ጨው ፍለጋ በነዳጅ የተበከለ አፈር ሲበሉ በካሜራ ተቀርጸዋል።

የፔሩ የጤና ጥበቃ መሥሪያ ቤት በኮሪየንቴስ ነዋሪዎች ላይ የደም ምርመራ አድርጎ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2006 ታወቀ፤ ከተመረመሩት ልጆች የአብዛኞቹ ካድሚየም ከተፈቀደው በላይ ሆኖ ተገኘ። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር አቹዋሮች የነዳጅ ተቋማቱን ዘግተው ሥራ አስቆሙ። ስምምነት ተደረሰ፤ ውሃው ወደ ወጣበት ጥልቅ ዐለት ተመልሶ እንዲገባ ተወሰነ። እ.ኤ.አ. በ2009 ወደ ወንዙ መልቀቁ በአብዛኛው ቆመ። ይሁን እንጂ የቆየው ብክለት አልጠፋምና እ.ኤ.አ. በ2013 መንግሥት በፓስታሳና በኮሪየንቴስ ተፋሰሶች የአካባቢ አስቸኳይ ጊዜ አወጀ።

ወንድሞችና እህቶች፤ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሰዎች ውሃ በሚቀዱበት ስፍራ መጸዳዳትን ከልክለዋል። የአንድ ሰው መጸዳዳት እንዲህ ከተከለከለ፣ ሕዝብ የሚጠጣውን ወንዝ ለአሥርት ዓመታት መበከል ምን ሊባል ነው? ውሃውን ወደ ጥልቅ ዐለት የመመለሱ ዘዴ አዲስ ግኝት አልነበረም፤ ገንዘብ ግን ይጠይቃል። ወጪው ቀረ ሲባል ግን አልቀረም፤ የከፈሉት ሌሎች ናቸው፤ ያውም በልጆቻቸው ደም።

ይህንንም ልብ እንበል። የጦሃራ ሕግ አንድ ነው፤ ጉዳትን የመከላከል ሕግ ደግሞ ሌላ ነው። ለውዱእ የሚሆን ውሃ ሁሉ ለመጠጥ ይሆናል ማለት አይደለም። እርሳስ በቀለምም በሽታም አይታወቅም። ውሃ ማፍላት ተሕዋስያንን ይገድላል እንጂ ጨውንና እርሳስን አያስወግድም፤ ውሃው በተነነ ቁጥር የቀረው ይበልጥ ይከማቻል። ስለዚህ የውሃን ነገር የሚመረምር ባለሙያ ሲናገር መስማት ግዴታችን ነው።

እኛ የነዳጅ ጉድጓድ የለንም ብለን ራሳችንን ነፃ አናድርግ። ጋራዥ ያለው ወንድማችን የተቃጠለ ዘይትና የመኪና ባትሪ አሲድ ወደ ቦይ ሲደፋ፣ ቦዩ ወንዝ ይገባል፤ ከወንዙም በታች በኩል ያለች እናት ትቀዳለች። ማን እንደደፋው እሷ አታውቅም። አላህ ግን ያውቃል። የተቃጠለውን ዘይት በበርሜል አጠራቅሞ ለሚረከብ ማስረከብ ያለብን ለዚህ ነው። ውሃ አማና ነው፤ ከላይ ያለ ሰው ለታች ሰው ይጠየቅበታል።

አላህ (ሱ.ወ.) ውሃችንን ከብክለት፣ እጃችንንም ሌላውን ከመጉዳት ይጠብቅልን። አሚን። ወሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።