የመምህሮቻችንን ፎቶ በምን ካሜራ እናንሳ?

አዘጋጅ ኮሚቴው ስለ ደም ግፊት ሳይሆን ስለ ካሜራ እንድናገር ሲጠይቀኝ ደስ ነው ያለኝ። ስለ ደም ግፊት የሚናገር እዚህ አዳራሽ ውስጥ ሞልቷል።

ማኅበራችን ጡረታ የወጡ መምህሮቻችንን ፎቶ አንስቶ፣ በትልቁ አሳትሞ ኮሪደሩ ላይ ለመስቀል አስቧል። ሐሳቡ የመጣው ከለቅሶ ቤት ነው። አንጋፋ መምህር ሲያርፉ ቤተሰብ ተሯሩጦ አንዲት ጉርድ ፎቶ ይፈልጋል፤ እሷኑ በትልቁ አሳጥቦ ድንኳኑ ውስጥ ያስቀምጣል። ዓይናቸው እንኳ በቅጡ አይለይም። ስንቱን ሐኪም ያስተማሩ ሰው የቀራቸው ምስል ቴምብር የምታህል ሆነች ማለት ነው። እንግዲህ ለዚህ ሥራ ገንዘባችንን ምን ላይ እናውጣ? መልሴን አስቀድሜ ልናገር፦ ያገለገለ፣ ባለ 50 ሜጋፒክስል ሚዲየም ፎርማት ዲጂታል ካሜራ። ያገለገለ ስል ሰልባጅ ማለቴ አይደለም።

ብዙዎቻችሁ የምታውቁት "ፉል ፍሬም" የሚባለው ካሜራ ሴንሰሩ 36 በ24 ሚሊ ሜትር ነው። የምናወራለት ወደ 44 በ33 ይሆናል፤ በስፋት 1.7 እጥፍ ያህል። አንዳንዱ ሻጭ የድሮውን ባለ 120 ፊልም ካሜራ ልክ አድርጎ ያወራለታል። አይደለም፤ ከፊልሙ ትንሹ ልክ፣ ከ6 በ4.5 ሴንቲ ሜትሩ እንኳ ያንሳል። የጀርባ መደብዘዝ ፈልጋችሁ ከሆነም፣ ጥሩ ሌንስ የተገጠመለት ፉል ፍሬም ያንኑ ይሰጣችኋል፤ በርካሽ።

ታዲያ ጥቅሙ ምን ላይ ነው? መምህራችንን መስኮት አጠገብ ቁጭ ያሉ፣ ነጭ ጋቢ የደረቡ ጠይም ሰው አድርጋችሁ አስቧቸው። ለፊታቸው ብርሃን ስትሰጡ ጋቢው ነጭ ወረቀት ይሆናል፤ ለጋቢው ስታስቡ ፊታቸው ይጨልማል። የደረት ራጅ ላይ ሳንባውንም ከልብ ጀርባ ያለውንም አጥንት ባንድ ላይ ለማየት እንደምንታገለው ማለት ነው። ሰፊው ሴንሰር በእኩል የሌንስ ክፍተትና በእኩል ፍጥነት ብዙ ብርሃን ስለሚሰበስብ፣ ለጋቢው ተጠንቅቀን አንስተን የፊታቸውን ጥላ በኋላ ኮምፒውተር ላይ ብንገልጠው ቆዳው አይሻክርም። ለእኔ ከሜጋፒክስሉ ይልቅ ገንዘቡ የሚገባው ይኼ ነው።

ሜጋፒክስሉም ቢሆን በሒሳብ ይታይ። ፎቶው 8256 በ6192 ፒክስል ነው፤ በጥሩ የኅትመት ጥራት 70 በ52 ሴንቲ ሜትር ይወጣል። ያሰብነው የኮሪደር ልክ ይህ ነው። ባለ 24 ሜጋፒክስሉ በዚያው ጥራት 51 በ34 ላይ ያበቃል። "ከሁለት ሜትር ርቀት ማን ይለየዋል?" ያለኝ ጓደኛዬ እውነቱን ነው፤ ተማሪ ግን ከሁለት ሜትር ቆሞ አያይም፣ አፍንጫውን መስታወቱ ላይ አስጠግቶ ነው። በቡድን ፎቶም እንዲሁ። በአንድ ረድፍ 30 ሰው ብናቆም ለእያንዳንዱ 275 ፒክስል ይደርሰዋል፤ በ24ቱ 200፣ ባለ 12 ሜጋፒክስል ስልክ ደግሞ 133 ገደማ። እኛ የ1996 ዓ.ም. ምሩቃን በራሳችን የምረቃ ፎቶ ላይ ከኋላ ረድፍ የቆሙትን ማንነት ስንከራከር አምሽተናል።

ዋጋው መውረዱም እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው ፔንታክስ 645ዲ 10,000 ዶላር ገደማ ነበር፤ በ2014 የተከተለው 645ዜድ 8,499። ፉጂፊልም በ2017 ጂኤፍኤክስ 50ኤስን በ6,499፣ በ2018 50አርን በ4,499፣ በ2021 50ኤስ ሁለትን በ3,999 ዶላር አወጣ። ያገለገሉት ደግሞ ከዚህም ወርደው ይገኛሉ። እኔ የምመርጠው 50ኤስ ሁለትን ነው። በውስጡ የእጅ መንቀጥቀጥን የሚያካክስ ማረጋጊያ ስላለው፣ ሳሎን ውስጥ ያለ ትራይፖድ መሥራት ይቻላል። ማረጋጊያው የሚረዳው ግን የፎቶ አንሺውን እጅ ብቻ ነው። የሚነሱት መምህር ትሬመር ካለባቸው ፍጥነቱን ከፍ ከማድረግ ሌላ መድኃኒት የለውም። ባለ 100 ሜጋፒክስሎቹን ለእኛ ሥራ አልመክርም፤ የሚበላሹብን የፋይል ማስቀመጫ ዲስኮች ናቸው እንጂ ፎቶው አይደለም የሚሻለው።

ሌንሱን አትርሱ፤ በጀት የሚያናጋው እሱ ነው። ለመነሻ አንድ 63 ሚሊ ሜትር ይበቃል፤ በፉል ፍሬም 50 እንደምንለው ነው። ለፊት ብቻ 110 ሚሊ ሜትሩ ድንቅ ነው፤ እሱን ገንዘብ ሲተርፍ።

ለግላችሁ ልትገዙ ያሰባችሁም አላችሁ፤ በሻይ ሰዓት ስትጠይቁኝ ነበር። ልጆቻችሁ ሲሮጡ ወይም ሠርግ ላይ እስክስታ ለማንሳት ከሆነ አትግዙ። እነዚህ ባለ 50ዎቹ ትኩረት ለመያዝ ቀርፋፋ ናቸው፤ ከፍላሽ ጋር የሚሠሩበት ፍጥነትም 1/125 ሰከንድ ላይ ይቆማል። ውጭ ያላችሁ ይዛችሁ ስትመጡ ደግሞ የጉምሩኩን ነገር አስቀድማችሁ ጠይቁ። ወንበር ላይ ለተቀመጠ፣ ለማይቸኩል ሰው ግን ልክ ናቸው።

ለኮሚቴው አንድ ማሳሰቢያ አለኝ፦ ከእያንዳንዱ ፎቶ ሁለት ይታተም። አንዱ ለኮሪደሩ፣ አንዱ ለቤተሰቡ፤ መምህሩ ራሳቸው አይተው "ይኼ አፍንጫዬ ነው?" ብለው እንዲስቁ። ግቢ መምጣት ለሚከብዳቸው ቤታቸው ድረስ እሄዳለሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ተረኛ ካልሆንኩ ነፃ ነኝ። ስማቸውን ለጸሐፊው አስመዝግቡልኝ። ታማሚዎቹን ከላይ ጻፉ።

አሁን ጥያቄውን እየሄድን እንጨርሰው፤ ብርሃኑ ሳያልፍ ደረጃው ላይ የቡድን ፎቶ አለን። ካሜራው የተውሶ ነው። መምህሮቻችን ከፊት ወንበር ላይ፣ ረጃጅሞች ከኋላ። ባለፈው ከኋላ የተደበቃችሁ ዘንድሮ ወደ መሃል ኑ።