መርታትና ማሸነፍ
(በእሁድ ስብሰባችን ላይ ያደረግኩት ንግግር)

እህቶቼ፣ ተናገሪ ስትሉኝ ደንግጫለሁ፤ አሥረኛ ክፍል ላይ ያቆምኩ ሰው ነኝ። ግን ስለ አንዲት ቃል ልንገራችሁ፤ «ረታ» ስለምትባለው።

ሁላችንም «ኑሮን ለማሸነፍ መጣን» እንላለን። ማሸነፍ በጉልበትም፣ በሩጫም፣ በዕድልም ይሆናል። መርታት ግን በሙግት ነው። ተናግረሽ፣ ምስክር ቆጥረሽ፣ ሰሚው «እውነቷን ነው» ሲል ነው ረታች የሚባለው። ዳኛ የፈረደለት ረቺ፣ የፈረደበት ተረቺ ነው። ድሮ በአገራችን ከሳሽና ተከሳሽ ልብሳቸው ተቋጥሮ፣ ተቆራኝተው ዳኛ ዘንድ ይሄዱ ነበር። ጉልበተኛውም ደካማውም እኩል ታስሮ! እዚያ የሚሠራው ክንድ ሳይሆን ቃል ነው።

ይህን ለምን አነሳሁ? እዚህ ሊባኖስ በመጣሁ በመጀመሪያው ዓመት የሦስት ወር ደሞዝ ቀረብኝ። ማዳምን ስጠይቃት «ሰጥቼሻለሁ» አለች። ጮህኩ፣ አለቀስኩ። እሷ በቋንቋዋ ከእኔ የበለጠ ጮኸች። አዎ፣ አሸነፈችኝ። ግን አልረታችኝም፤ ሐቁ የእኔ ነበር። የጎደለኝ ማስረጃ ነው።

ከዚያ ወዲህ ደብተር ያዝኩ። የተቀበልኩበትን ቀን፣ ስንት ዶላር እንደሆነ፣ ያልተቀበልኩበትንም ወር እጽፋለሁ። ፎቶ አንስቼ አገር ቤት ለእህቴ እልካለሁ። በኋላ ደግሞ የሁለት ወር ሲቀር፣ ሚስተር ባለበት ደብተሩን አወጣሁ። ድምፄን አላነሳሁም። አገላብጦ አየና ዝም አለ። በሳምንቱ የሁለቱን ወር ከፈሉኝ። የመጀመሪያው ሦስት ወር ግን እንደቀረ ቀረ፤ አልጻፍኩትማ!

በፈረንጅ 1946 የወጣው የሊባኖስ የሥራ ሕግ በሰባተኛው አንቀጽ የቤት ሠራተኛን አስወጥቷል። ደብተር ሁሉን ነገር ይፈታል አልልም። ደብተሩን የሚቀማ፣ በር የሚቆልፍ ቤት እንዳለ ታውቃላችሁ። ለዚህ ነው ቅጂው ሌላ ሰው ጋ ይሁን የምለው። ሕጉ ባይቆጥረንም እኛ ወራችንን እንቁጠር። ኤምባሲም ሄድን ጠበቃ ጋ፣ የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን ማስረጃ አለሽ?» ነው።

አንዳንዶቻችሁ «እኔስ ተረትቻለሁ» ስትሉ እሰማለሁ። የኔ እህት፣ ያልተሟገተ ሰው ተረታ አይባልም። ዛሬ ማታ ጀምሪና ጻፊ።