ቁልፉን ከመቀበላችን በፊት

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። 

የዛሬው ርእሳችን በየቤታችን ያለ፣ ግን ደፍረን የማንነጋገርበት ጉዳይ ነው። በእድሜ የገፉ አባቶቻችን መኪና መንዳት ማቆም ያለባቸው መቼ ነው?

በእኛው ቤተሰብ የደረሰውን እናንሳ። አጎታችን ከ40 ዓመት በላይ ያሽከረከሩ ሰው ናቸው። አንድ ቀን ለመግሪብ ሰላት ሲመጡ ከመስጂዱ በር አጠገብ ያለውን ጉልት ገጭተው ሽንኩርቱንና ቲማቲሙን በተኑት። አልሐምዱሊላህ፣ ባለጉልቷ ለአፍታ ተነስታ ስለነበር ሰው አልተጎዳም። እኛ ግን ከዚያ በፊት ብዙ አይተን ነበር። የመኪናው ጎን ተፈግፍጎ፣ ማታ የመኪና መብራት ሲያጥበረብራቸው፣ የሚያውቁት መታጠፊያ ሲጠፋባቸው አይተን ዝም አልን። አክብሮት መስሎን ነበር፤ ነገሩ ግን ይሉኝታ ነበር።

ወንድሞችና እህቶች! ነፍስን መጠበቅ ከሸሪዓችን አምስቱ ዓላማዎች አንዱ ነው። መንገድ የሚሻገረው ሕፃንም፣ መሪ የያዙት አባትም ነፍስ ናቸው።

እድሜ ብቻውን ግን ፍርድ አይደለም። በ75 ዓመቱ ደህና የሚነዳ አለ፤ በ60ው የሚያሰጋም አለ። መታየት ያለበት ዓይናቸው፣ አንገታቸውን አዙረው ማየታቸው፣ እግራቸው ፈጥኖ ፍሬን መርገጡ፣ የማስታወስ ችሎታቸው፣ እንዲሁም የሚወስዱት መድኃኒት እንቅልፍ የሚያመጣ መሆን አለመሆኑ ነው። ስለዚህ ቀድሞ ሐኪም ይይ። አጎታችን የዓይን ሞራ ተገኘባቸው፤ ይህ በቀዶ ሕክምና የሚወገድ ነው። ከዚያ በኋላ ቀን ቀን ብቻ፣ በሰፈር ውስጥ ነዱ። መንገድ መጥፋቱ ግን አልቀረም። ማቆም ግድ ሆነ።

እንዴት ይነገራቸው? በሱረቱ መርየም ነቢዩ ኢብራሂም (ዐ.ሰ.) እጅግ ከባድ ነገር ለአባታቸው ሲነግሩ አራት ጊዜ «አባቴ ሆይ» እያሉ ነው። እንግዲህ በልጅ ልጆች ፊት አይሁን፤ ቁልፍ በመደበቅም አይሁን። አእምሮ ደክሞ አደጋውን መረዳት ካልቻሉ ግን ቁልፉን ማራቅ ግዴታ ይሆናል።

ለብቻቸው ስንነግራቸው አጎታችን ዝም ብለው ቆዩና፣ «መኪናውን ውሰዱት፤ ከፈጅር ጀመዓ ግን አታስቀሩኝ» አሉ። ለካ የፈሩት መኪናውን ማጣት ሳይሆን ከሰው መለየትን ነው! ስለዚህ የወንድምና የእህት ልጆች ቀን ተከፋፈልን። ለፈጅር፣ ለጁሙዓ፣ ለለቅሶና ለበሽተኛ ጥየቃ የሚያደርሳቸው ባለተራ አለ። አንድ ጧት ባለተራው አረፈደ። ስልክ ደውለው፣ «ተረሳሁ እንዴ?» አሉን። አፈርን።

አድማጮቻችን፣ የአባቱን ቁልፍ የተቀበለ ሰው አባቱን የማድረስ አማናም ተቀብሏል። ይህን ሳያዘጋጅ ቁልፍ የሚጠይቅ፣ አባቱን ከአደጋ አድኖ በቤት ውስጥ እስረኛ ያደርጋቸዋል።

አላህ (ሱ.ወ.) የወላጆቻችንን ሐቅ ከሚወጡት ያድርገን፤ አሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።