የኮልቾዋ ልጅ ጥያቄ
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የማኅበራችን ጸሐፊ ስለ ሴቶችና ስለ ሥራ እንድናገር በጠየቀኝ ጊዜ በመጀመሪያ ከአፌ የወጣው ቃል «ከእኔ የተሻለ ሰው ፈልጉ» የሚል ነበር። ማታ ነገሩን ሳስበው ግን፣ ልናገርበት የተጠየቅሁት በሽታ ራሱ ይኸው መልሴ ሆኖ አገኘሁት። ስለዚህ መጣሁ።

ተወልጄ ያደግሁት እዚሁ ጂንካ ነው። ሆኖም ኮልቾን በዓይኔ ያየሁት ባለፈው ክረምት፣ ለሕፃናት ክትባት ምዝገባ ልንረዳ በሄድን ጊዜ ነው። ኮልቾ የካሮ ሰዎች መንደር ናት። በገደል አፋፍ ላይ ስለ ተቀመጠች፣ የኦሞ ወንዝ ከሥርዋ ሲጠማዘዝ ይታያል። ለጎብኚው እጅግ ያማረ ነው፤ ፎቶግራፍ አንሥቶ ይሄዳል። ነገር ግን ውኃው ከታች፣ ቤቱ ከላይ ነው። በመካከሉ ያለውን ዳገት ውኃ ተሸክመው የሚወጡት ሴቶች ናቸው። ማሽላውን በድንጋይ የሚፈጩትም እነርሱው ናቸው።

ከመካከላችን የምዝገባው ኀላፊ እንድሆን የተመረጥሁት እኔ ነበርሁ። አንድ ሽማግሌ መጥተው «አለቃችሁ ማን ነው?» ብለው ጠየቁ። እኔም ያለ አንዳች ማመንታት በጣቴ ከጎኔ ወደ ቆመው ወንድ ጓደኛዬ አመለከትሁ። ንግግሩን የምታስተረጉምልን ዐሥራ ሦስት ዓመት ያህል የሚሆናት ተማሪ ነበረች። መልሴን ለሽማግሌው ከማስተላለፍዋ በፊት ዘወር ብላ «የምታዝዢው አንቺ አይደለሽም እንዴ?» አለችኝ። አፍሬ ዝም አልሁ።

እስቲ ልብ እንበል። በዚያች ቀን የከለከለኝ አባት አልነበረም፤ ባል አልነበረም፤ ሕግም አልነበረም። ሽማግሌው እንኳ የጠየቁት ለማወቅ እንጂ ለማዋረድ አልነበረም። የከለከለኝ በውስጤ የተቀመጠ አንድ ዘበኛ ነው። ከልጅነታችን ጀምሮ «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለውን ተረት ስንሰማ አድገናል። ተረቱን ሌላ ሰው ሲናገረው እንቈጣለን፤ በልባችን ግን ራሳችን ለራሳችን እንደግመዋለን።

ይህ ማለት እንቅፋቱ ሁሉ በውስጣችን ነው ማለት አይደለም። በ1990ዎቹ አጋማሽ የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ሲጀመር፣ ለእያንዳንዱ ቀበሌ ዐሥረኛ ክፍል የጨረሱ ሁለት ሴቶች አንድ ዓመት ሠልጥነው በደመወዝ እንዲሠሩ ታቀደ። በዚህም ከ30,000 በላይ የገጠር ሴቶች ባለ ሙያ ሆኑ። በአርብቶ አደሮች አገር ግን እስከዚያ ክፍል የደረሰች ልጃገረድ ማግኘት ስለ ቸገረ፣ መመዘኛው እንዲላላ፣ ወንዶችም እንዲቀጠሩ ተደረገ። የሥራው በር ለሴት ተከፍቶ ሳለ፣ የምትገባበት ሴት ገና ዳገቱን አልጨረሰችም ነበር ማለት ነው።

ከእነርሱ ቀድመው ዳገቱን የወጡ ግን አሉ። ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ በጠላት ወረራ ጊዜ ተማርከው በኢጣልያ ታስረዋል፤ ከነጻነት በኋላ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ዲሬክተር ሆነዋል፤ በ1950 ዓ.ም. በተደረገው ምርጫ ደግሞ ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት ተመርጠው የመጀመሪያዋ ሴት እንደራሴ ሆነዋል። ለእኛ አገር የሚቀርቡት ግን የከምባታዋ ዶክተር ቦጋለች ገብሬ ናቸው። በልጅነታቸው ውኃ ልቅዳ ብለው ከቤት እየወጡ፣ ተደብቀው ፊደል ይቆጥሩ ነበር። ኋላም ኢየሩሳሌም ድረስ ሄደው ማይክሮባዮሎጂ ተማሩ። ከዚያ በኋላ ወደ ከምባታ ተመልሰው ከገጠር ሴቶች ጋር ልጃገረድ መግረዝ እንዲቀር ሲሠሩ ኖረው፣ በ2012 ዓ.ም. ዐረፉ። የውኃው መንገድ ለእርሳቸው የትምህርት ቤት መንገድ ሆነላቸው። ለኮልቾዋ ልጅስ?

አንዳንዶቻችን «የዚያ አገር ልማድ አይነቃነቅም» እንላለን። ይህ ስሕተት ነው። የካሮ ሽማግሌዎች በ2004 ዓ.ም. ክረምት ተሰብስበው፣ መጥፎ ዕድል ያመጣል የተባለ ሕፃን የሚገደልበት የሚንጊ ልማድ እንዲቀር ራሳቸው ወስነዋል። ይህን የሚያህል ነገር የወሰነ ሕዝብ፣ ልጁን ከሰባተኛ ወደ ስምንተኛ ክፍል ለማሳለፍ መወሰን አያቅተውም። ኑሮውም ቢሆን ግድ እያለ ነው። ድሮ ኦሞ ሞልቶ ሲጎድል በተወው ደለል ላይ ማሽላ ይዘራ ነበር፤ የግልገል ጊቤ ሦስተኛው ግድብ በ2009 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ግን ያ ሙላት እንደ ድሮው የሚታመን አይደለም። እርሻው ሲጠብብ፣ ደመወዝ ያላት ሴት ልጅ ለቤተ ሰብዋ አንድ ጎተራ ናት።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ሦስት ነገር ብቻ ልለምን።

መምህራኖቻችንን የምለምነው፣ ተማሪዎችን በቡድን ስትከፍሉ ሴቲቱን ሁልጊዜ ጸሐፊ፣ ወንዱን ሁልጊዜ ሰብሳቢ እንዳታደርጉብን ነው። ጸሐፊነት ክብር ነው፤ ግን ሲደጋገም ትምህርት ይሆናል።

ማኅበራችንን የምለምነው፣ ከየመንደሩ መጥተው ጂንካ ቤት ተከራይተው የሚማሩትን ልጃገረዶች ቅዳሜ ቅዳሜ ለፈተና እንድናዘጋጃቸው ነው። ገንዘብ አይጠይቅም፤ ሁለት ክፍልና ጥቂት ጠመኔ ይበቃል። ከፈቃደኞቹ የመጀመሪያዋ እኔ ነኝ።

እኅቶቼን የምለምነው ደግሞ ይህን ነው፤ የሥራ ማመልከቻ ወይም የምርጫ ወረቀት ሲመጣ፣ «ምን ይሉኛል» ብላችሁ ከመጠየቃችሁ በፊት ሙሉት። ፍርሃቱ እስኪሄድ አትጠብቁ፤ እኔም አሁን እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የማነብላችሁ።

በመጨረሻም ለዚያች ልጅ ያላደረስሁት መልስ አለብኝ። በመጪው ክረምት ብመለስ፣ ሽማግሌውም ዳግመኛ ቢጠይቁ፣ እንዲህ ብላ እንድታስተረጉምልኝ እነግራታለሁ፦ «አዎን፤ አለቃዋ እኔ ነኝ።»